«የማን ሰው ነው?» ኮርና ላይ ሰው በሰው መያዝ እየጎዳን ይሆን?

ጃንሜዳ_ማለዳ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ጠዋት ጃን ሜዳ ላይ 3 ለ 2 ተሸነፍን። ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱ ከኮርና የገቡ ናቸው። ሽንፈት ያለ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ከሁለተኛው ጎል በኋላ የሆነው ነገር ነው።

ኳሷ ገና መረቡ ውስጥ እያለች በረኛችን «የማን ሰው ነው?» ብሎ ጮኸ። አራት ሰዎች እርስ በርስ ጣት ተቀሳሰሩ። ስምንት ዓመት አብረው የተጫወቱ፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረው የሚውሉ ጓደኛሞች ናቸው። ከጨዋታው በኋላ ፉል ቤት ስንገባ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አልፈለጉም።

ለማታውቁን፣ የጤና ቡድን ነን። ትንሹ ልጃችን 19 ዓመቱ ነው፣ ትልቁ 47። እኔ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ መጫወት ትቼ ቡድኑን አሰልፋለሁ። ኮርና ሲመታብን የምናደርገው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከጨዋታ በፊት ሰው አከፋፍላለሁ። «አንተ ረጅሙን፣ አንተ 9 ቁጥሩን፣ አንተ ቀይ ጫማ ያደረገውን።» ከዚያ ኮርና በመጣ ቁጥር «ሰውህን ያዝ! ሰውህን ያዝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እኔም ልጅ ሆኜ የተማርኩት እንደዚሁ ነው።

አንድ ልጅ ጨዋታውን በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ሁለቱን ጎሎች ደጋግሜ አየኋቸው።

በመጀመሪያው ረጅሙ ተከላካያቸው ከ16 ከ50 (ከትልቁ የፍጹም ቅጣት ክልል) መስመር ላይ ተነስቶ ሮጠ። የያዘው ልጃችን በቴስታ ከሁላችንም ይበልጣል። አብሮት ተነሳ። መንገዱ ላይ ግን ሌላ ተጫዋቻቸው ዝም ብሎ ቆሟል። አልገፋም፣ እጁንም አላነሳም። ልጃችን ሄዶ ተላተመው። ረጅሙ ብቻውን ዘሎ ገጨ።

ሁለተኛው ይብሳል። ኮርናው ሊመታ ሲል ሦስት ሰዎቻቸው ወደ ቅርቡ ቋሚ (ለመቺው ወደሚቀርበው የጎል ብረት) ሮጡ። ሦስት የኛ ልጆች ተከተሏቸው። ልክ እንዳልኳቸው ነው ያደረጉት። የጎሉ ፊት ባዶ ሆነ። ከኋላ የመጣ አንድ አጭር ልጅ ሳይዘል በግንባሩ አስገባት። ያ ልጅ ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ የገባ ነው። እኔ ሰው ሳከፋፍል ሜዳ ላይ አልነበረም። የማን ሰው እንደሆነ ታዲያ ማን ይወቅ?

ልጆቹ የታዘዙትን አድርገዋል እኮ። ጎሉ ግን ገባ። ስለዚህ ችግሩ እነሱ ሳይሆኑ የኔ አከፋፈል ነው ብዬ እያሰብኩ ነው። ሰው በሰው መያዝ ራሱ ነው ወይ ድክመቱ? በሳምንት አንድ ቀን ልምምድ ያለው ቡድንስ ሌላ ነገር መሞከር ይችላል? የምታውቁ ንገሩኝ።


ካዛንቺስ_4ቁጥር · ሰኞ ማታ 3፡02

አይዞህ ወንድሜ። ግን በአንድ ጨዋታ ተናደህ ያለህን ነገር አትጣል።

ሰው በሰው የሚሠራው ሁሉም ሰውየውን ከልቡ ሲይዝ ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 30 ቀን 2012 ማንችስተር ሲቲ ዩናይትድን 1 ለ 0 ያሸነፈበትን ጨዋታ አስታውስ። ዴቪድ ሲልቫ ኮርና መታ፣ የሲቲው ኮምፓኒ ከዩናይትዱ ስሞሊንግ በላይ ሆኖ ገጨ። ሲቲ ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰደው በጎል ልዩነት ነው። እዚያ ላይ ችግሩ የአሰላለፍ ነው ትላለህ? አንድ ሰው አንድን ሰው በለጠው፣ አለቀ።

ዞንም፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ መያዙንም፣ እኮ አይተነዋል። ራፋኤል ቤኒቴዝ ሊቨርፑልን ሲያሰለጥን በዞን ነበር የሚከላከለው። ከኮርና ጎል በገባበት ቁጥር እንግሊዞቹ በዚያ ይወቅሱት ነበር። ምክንያቱም ቆሞ የሚዘል ሰው ሮጦ የሚዘልን አይችለውም። ሰው በሰው ስትይዝ ቢያንስ አብረኸው ትሮጣለህ።

ደግሞ የጤና ቡድን ነው። ለአንድ ሰው «9 ቁጥሩ ያንተ ነው» ስትለው ይገባዋል። ኃላፊነቱ ስም አለው። «ከቋሚው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ቦታ ያንተ ነው» ብትለው ግን ግርግር ሲነሳ ማን ያስታውሰዋል? እኔ ብሆን ቅያሪ በገባ ቁጥር ጮክ ብዬ አከፋፍላለሁ እንጂ አሠራሩን አልነካም።


የድሮ_ተከላካይ · ሰኞ ማታ 4፡20

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር አንስታችኋል። እኔ ስልሳውን አልፌያለሁ። በወጣትነቴ የመሀል ተከላካይ ነበርኩ፣ ሥራዬም ሰው መያዝ ነበር። እንደኔ ሰው በሰው የሚወድ አልነበረም። ስለዚህ የምለው ከጥላቻ አይደለም።

ሰው ስትይዝ ሁለት ነገር እንድታይ ትገደዳለህ፣ ኳሷንና ሰውየውን። ኳሷ ከቀኝ ማዕዘን ትመጣለች እንበል። ጎበዝ አጥቂ በግራህ በኩል፣ ከትከሻህ ኋላ ነው የሚቆመው። አውቆ ነው። ኳሷን ካየህ እሱን አታየውም። እሱን ካየህ ኳሷ የት እንደደረሰች አታውቅም። አንገትህን ወዲህና ወዲያ ስታመላልስ እሱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፣ ፊትህን ወደ ኳሷ የምታዞርባትን ቅጽበት። ያኔ ይነሳል።

እኛ ይህን የምንሸፍነው በእጅ ነበር። እጄን ወገቡ ላይ አደርጋለሁ፣ ሲንቀሳቀስ በእጄ አውቃለሁ። ዓይን የሌለው ሰው በትር እንደሚይዝ ማለት ነው። ግን ብልጥ አጥቂ መጀመሪያ የሚያደርገው ያን እጅ መትቶ ማውረድ ነው። ያን ጊዜ ጨለማ ውስጥ ትቀራለህ። ብዙዎቻችን ደግሞ ያኔ ማልያ ወደ መጎተት እንሄዳለን። በኛ ዘመን ዳኛው አንድ ብቻውን ነው፣ ሁሉን አያይም። ዛሬ ካሜራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ የፓናማ ተከላካዮች ኮርና ላይ ሃሪ ኬንን ጎትተው ጥለው ፔናሊቲ ሰጡ።

ሌላው ጊዜ ነው። አጥቂው መቼ እንደሚነሳ ያውቃል። አንተ የምታውቀው ከተነሳ በኋላ ነው። ያቺ ግማሽ እርምጃ ትንሽ ትመስላለች። ኮርና ላይ ግን ጎሉ እሷ ናት።

ካዛንቺስ፣ ስለ ኮምፓኒ ያልከውን አልክድም፣ ስሞሊንግ ተበልጧል። ግን አንድ ነገር ልብ በል። በጨዋታ መሃል አንድ ተከላካይ ቢበለጥ ከኋላው የሚሸፍነው አለ። ኮርና ላይ ሁሉም የየራሱን ሰው ከያዘ ማን ይሸፍነዋል? አንድ ሰው ለአንድ ቅጽበት ሲሸነፍ ቡድኑ ሁሉ ተሸነፈ። ከዚህ የበለጠ ድክመት አላውቅም።

ደግሞ ሰው የምናከፋፍለው የምንፈራውን ቆጥረን ነው። ያልፈራነው ያገባብናል። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎሎች ዚዳን በግንባሩ አስገባ፣ ሁለቱም ከኮርና። ዚዳን እኮ በእግሩ ነው የሚፈራው። ጃንሜዳ፣ ያንተ አጭሩ ልጅም ያው ነው።


ልደታ_ዳኛ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

የሰፈር ውድድር እዳኛለሁና ስለ መጀመሪያው ጎል አንድ ነገር ልበል። ያ ቆሞ የነበረው ተጫዋች ጥፋት አልሠራም። ሕጉ ማንም ሰው የቆመበት ቦታ የራሱ ነው ይላል። መንገድ ላይ መቆምና መንገድ ለመዝጋት መንቀሳቀስ አንድ አይደሉም። ልጃችሁን አይቶ ወደሱ ቢንቀሳቀስና ቢነካው ቀጥታ ቅጣት ምት ነበር። ሳይነካው መንገድ ቢዘጋበት ደግሞ ቀጥታ ያልሆነ። ቆሞ ከጠበቀው ግን ልጃችሁ ነው ሄዶ የተላተመው።

ከኮርና በቀጥታ ለምትመጣ ኳስ ኦፍሳይድ እንደሌለም አትርሱ። በረኛው አፍንጫ ሥር መቆም ይችላሉ።


አራትኪሎ_መድፈኛ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

የድሮ ተከላካይ፣ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እጅን ከበትር ጋር ያመሳሰሉት ነገር በጣም ገብቶኛል።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ ይህን ነገር ከአጥቂው ወገን ሆኜ ላውራው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ቶተንሃምን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፍን። አራት ኪሎ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፣ መቀመጫ አልነበረም። ሳካ ኮርናውን መታ፣ ጋብሬል ሮሜሮን አምልጦ በግንባሩ አስገባ። ሮሜሮ እኮ ከአርጀንቲና ጋር ዓለም ዋንጫ ያነሳ ተከላካይ ነው። ሰው መያዝ አቅቶት አይደለም።

አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2021 አሰልጣኙን ኒኮላስ ጆቨርን ከማንችስተር ሲቲ ያመጣው ለዚህ ሥራ ብቻ ነው። ሲጫወቱ ካየህ ኳሷን የሚገጨው ሰው ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሥራ አላቸው። አንዱ በረኛው ፊት ይቆማል። ሁለቱ ወደ ቅርቡ ቋሚ ሮጠው ሰው ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ የጋብሬልን ያዥ መንገድ ላይ ይቆያል። ሳካ ከቀኝ በግራ እግሩ፣ ራይስ ከግራ በቀኝ እግሩ ወደ ጎሉ አጥፈው ይልካሉ። ሁሉም ነገር የተሠራው የአንዱን ያዥ ለአንድ ሰከንድ ለማዘግየት ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ እንግሊዞች ምን ነበር የሚያደርጉት? ኮርና ከመመታቱ በፊት አራት አምስት ሆነው 16 ከ50 ውስጥ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይሰለፋሉ። ልክ እንደ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ። አሁን አንተ ተከላካይ ሁን። ሰውህ ሰልፉ ውስጥ ሦስተኛ ነው። አጠገቡ መቆም አትችልም፣ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አለ። ኳሷ ስትመታ ሰልፉ በአራት አቅጣጫ ይበተናል። የማን ሰው የት ሄደ? የያኔው አሰልጣኛቸው ሳውዝጌት ይህን ሐሳብ ከአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነው የወሰደው። እዚያ የጓደኛህን ያዥ በሰውነትህ ማገድ የጨዋታው አካል ነው። እንግሊዝ በዚያ ውድድር ካስቆጠረቻቸው 12 ጎሎች 9ኙ ከቆሙ ኳሶች (ከኮርና፣ ከቅጣት ምትና ከፔናሊቲ) ነበሩ። ስቶንስ ፓናማ ላይ፣ ማጓየር ስዊድን ላይ ከኮርና ያገቡትን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ማገድ የሚሠራው ደግሞ ሰው ለሚከተል ተከላካይ ነው። የሚሄድበት መንገድ ስላለው ትዘጋበታለህ። ቦታው ላይ የቆመን ሰው ከምን ታግደዋለህ?


በረኛ_ነኝ · ማክሰኞ ቀን 7፡10

እኔ የምጽፈው ከጎሉ መስመር ላይ ሆኜ ነው።

እነሱ ስድስት ሰው ወደ 5 ከ50 (በረኛው ፊት ወዳለው ትንሹ ሳጥን) ካመጡ፣ ሰው በሰው የሚይዝ ቡድን ስድስት ሰው ተከትሎ ያመጣል። አሥራ ሁለት ሰው ፊቴ ላይ ነው። ለመውጣት እርምጃ ስጀምር የምጋጨው ብዙ ጊዜ ከራሴ ልጅ ጋር ነው። ሰዎች «በረኛው ለምን አልወጣም» ይላሉ። በየት በኩል? ግቢዬ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ የሚወስነው ተቃራኒ ቡድን ሆኖ ሳለ እኔ ምን ላድርግ?

አንድ ሰው ሲጨምሩማ ቁጥሩ ራሱ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. የ1999 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜን አስቡት። ዩናይትድ በባየርን 1 ለ 0 እየተመራ ሰዓቱ አልቆ ኮርና አገኘ። በረኛው ሽማይክል ራሱ ወደ ፊት ወጣ። እሱን ለመያዝ የተመደበ ማን ሊኖር ይችላል? ቤካም ላካት፣ ግርግር ሆነ፣ ኳሷ በደንብ ሳትወጣ ቀረች፣ ጊግስ መታት፣ ሸሪንገም አስገባት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላ ኮርና፣ ሶልሻየር፣ 2 ለ 1። እነዚያን ሁለት ኮርናዎች እስከ ዛሬ ሳያቸው የማየው የባየርንን በረኛ የካንን ፊት ነው።

በየጨዋታው «የማን ሰው ነው?» ብዬ የምጮኸው እኔም ነኝ። የጃንሜዳን በረኛ አልወቅሰውም። ሌላ የሚባል ነገር አላስተማሩንም።


ካዛንቺስ_4ቁጥር · ማክሰኞ ማታ 1፡50

ጋሼ፣ የዓይኑን ነገር ተቀብያለሁ። እኔም ደርሶብኛል፣ ግን ሁልጊዜ «ትኩረት አጣሁ» ብዬ ራሴን ነበር የምወቅሰው።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ቁመት። እኛ አጭር ነን። ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ያውንዴ ላይ በካሜሩን 4 ለ 1 ሲሸነፉ በግንባር ሲያገቡብን አይተናል። ዞን ብትቆምም ሰው ብትይዝም የሚዘልህ ይዘልሃል። ቢያንስ ሰው ስትይዝ ረጅሙን ለረጅም ትሰጣለህ።


የድሮ_ተከላካይ · ማክሰኞ ማታ 2፡35

ካዛንቺስ፣ እነዚያ የካሜሩን የግንባር ጎሎች ከመስመር በተሻገሩ ኳሶች ነው የገቡት፣ ከኮርና አይደለም። ግን ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ብዙ ቡድን የሚያሳስበው ይኸው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በቡድንህ ስንት ረጅም ሰው አለህ? ሁለት ይሆናል። እነሱ አምስት አላቸው እንበል። ሰው በሰው ከያዝክ ሁለቱ ረጅሞችህ ሁለቱን ይይዛሉ፣ ሦስት አጫጭር ልጆችህ ከሦስት ረጃጅሞች ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ኮርና መቺው የት እንደሚልክ ማሰብ እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሁለቱ ረጅሞችህ የት እንደሚቆሙ የሚመርጠው ተቃራኒህ ነው። የያዙትን ሰው ወደ 16 ከ50 ጥግ ቢወስደው ተከትለውት ይሄዳሉ። ምርጡን የቴስታ ተጫዋችህን ኳሷ ከምታርፍበት ቦታ አሥር ሜትር አርቀው በገዛ ትዕዛዝህ ወሰዱልህ ማለት ነው። የጃንሜዳ ሁለተኛ ጎል ይኸው ነው።

ቁመት የጎደለው ቡድን ያለችውን ቁመት ኳሷ በምትመጣበት ቦታ ላይ ነው ማኖር ያለበት። አጭር ሰው ረጅምን ዘሎ አያሸንፈውም። ሩጫውን ግን ያበላሽበታል። እንዴት እንደሆነ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢነግራችሁ ይሻላል፣ እኔ አሁን አላሰለጥንም።


ቀይ_ማልያ · ማክሰኞ ማታ 3፡00

የ2019ን የሊቨርፑልና የባርሴሎናን ኮርና ማንም አላነሳም? አሌክሳንደር አርኖልድ ፈጥኖ መታው፣ ኦሪጊ ብቻውን ነበር፣ 4 ለ 0።


የድሮ_ተከላካይ · ማክሰኞ ማታ 3፡12

ልጄ፣ ያ ጎል ድንቅ ነው። ግን እዚያ ባርሴሎናዎች ሰውም ቦታም አልያዙም፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። የተያያዘው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሰው በሰው የሚይዝ ቡድን ኮርና በመጣ ቁጥር ሰውን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ቦታ የሚይዝ ሰው ግን የት እንደሚሮጥ ቀድሞ ያውቃል።


ሜዳ_ናፋቂ · ማክሰኞ ማታ 4፡45

ሰላም ወንድሞቼ። ከ17 ዓመት በታች ሴቶች አሰለጥናለሁ። ጋሼ ያቆሙበትን ልቀጥል፣ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ልክ ጃንሜዳ ያለበት ቦታ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። በትልልቆቹ ሊጎች እንኳ ከመቶ ኮርና ጎል የሚሆነው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ እሁድ ሁለት ገባ ብለህ አትደንግጥ። የምታስተካክለው ጎሉን ሳይሆን ዕድሉን ነው።

እኔ ንጹሕ ዞን አላደርግም። ንጹሕ ሰው በሰውም አላደርግም። ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ አሥር ቆርኪ አውጣና እንዲህ ደርድር። አንዱን ከቅርቡ ቋሚ ፊት። ሦስቱን በ5 ከ50 መስመር ላይ፣ ከቅርብ እስከ ሩቅ። እነዚህ አራቱ የቴስታ ሰዎችህ ናቸው፣ ሁለቱ ረጃጅሞችህ እዚህ ውስጥ ይሁኑ። ሰው አይከተሉም። የሚያዩት ኳሷን ብቻ ነው። ቦታቸው ላይ የመጣችውን ወደፊት ወጥተው ይገጫሉ።

ሌሎች ሦስት ቆርኪዎች የፔናሊቲው ነጥብ አካባቢ ይቆማሉ። የእነሱን ሦስት ምርጥ ገጪዎች ያግዳሉ። ጋሼ «ሩጫውን ያበላሽበታል» ያሉት እዚህ ጋ ነው። አጋጁ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ፊቱን ወደ አጥቂው ያዞራል። ደረት ለደረት። እጅ ወደ ታች። ኳሷን ጭራሽ አያያትም፣ እርሷት ነው የምላቸው። ሥራው ኳስ መግጨት አይደለም። አጥቂው በሙሉ ፍጥነት እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ለዚህ ቁመት አያስፈልግም፣ ልብና ጠንካራ እግር ይበቃል። አጭሮቹ ልጆቼ ይህን ሥራ ይወዱታል።

የቀሩት ሦስቱ፣ አንዷ 16 ከ50 ጫፍ ላይ ተመልሳ ለምትመጣ ኳስ፣ አንዷ አጭር ኮርና ቢጀምሩ (ወደ ጎሉ ሳይልኩ ቅርብ ላለ ሰው ቢያቀብሉ) ለመውጣት፣ አንዷ ከፊት። ይህችን ለአጭር ኮርና የምትወጣዋን አትናቋት። ሰው በሰው ሳለን አጭር በጀመሩ ቁጥር ማን ሰውዋን ትታ ትውጣ የሚለው ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነበር።

አሁን ጋሼ ወደ ጻፉት ወደ ዓይን ጉዳይ ተመለሱ። በዚህ አቋቋም ሁለት ነገር እንዲያይ የሚገደድ ሰው የለም። ቦታ የያዘው ኳሷን ያያል። አጋጁ ሰውየውን ያያል። እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። ካዛንቺስ ያነሳኸው «ቆሞ የሚዘል ሮጦ የሚዘልን አይችልም» የሚለው ትክክል ነው፣ ለዚያ ነው አጋጆቹ ያስፈለጉት። ሯጩ ሳይሮጥ ከደረሰ እኩል ናቸው።

በነጻ አይገኝም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በሁለት ቦታ መካከል የምትወድቅ ኳስ አለች፣ ሁለቱም «ያንቺ ናት» ብለው ይተዋሉ። ለዚህ መድኃኒቱ በረኛዋ ናት፣ ጮክ ብላ ስም ትጥራ። ከሩቁ ቋሚ ኋላ ያለውም ቦታ ቀላል አይደለም። እኛም እስክንለምደው ሁለት ጎል ገብቶብናል። ሁለቱን ጊዜ ግን የት እንደተበላሸ ወዲያው አወቅን። ማንም ማንንም አልሰደበም።

ስለ ልምምዱ፣ መጀመሪያ ኮርናውን በእግር አታስመታ። በኛ ደረጃ ከአሥር ምት ሰባቱ የታሰበበት አይደርስም፣ ሰዓቱ በከንቱ ያልቃል። ራስህ ቅርብ ቆመህ በእጅህ ወርውርላቸው። አንዴ ቅርብ ቋሚ፣ አንዴ መሃል፣ አንዴ ሁለት ሰዎች መካከል። ሃያ ደቂቃ ብቻ። ሁለት ረቡዕ ይበቃሃል።


ጃንሜዳ_ማለዳ · ረቡዕ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እህቴ ሜዳ ናፋቂ፣ የጻፍሽውን አትሜ ይዤ ሄድኩ። ዛሬ በእጅ እየወረወርኩ ሠራን። አሥሩን ቆርኪ መጀመሪያ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩላቸው። ከተጣሉት ልጆች ሁለቱ 5 ከ50 መስመር ላይ ጎን ለጎን ነው የወደቁት፣ አስቤበት ነው።

ያስቸገረኝ የ47 ዓመቱ ወንድማችን ነው። ሃያ ዓመት ሰው የያዘ ሰው ቦታው ላይ ቁም ሲሉት እግሩ እሺ አይለውም። ሰው ባለፈ ቁጥር ይከተላል። አጋጅ አደረግኩት። እዚያ አበራ።


ካዛንቺስ_4ቁጥር · ረቡዕ ማታ 3፡44

ይህን ማድረግህ ጥሩ ነው። ሰው መያዝ የለመደን ሰው አትጣለው፣ ሥራ አለው ማለት ነው። እሁድ የሆነውን ጻፍልን።


ጃንሜዳ_ማለዳ · እሁድ ቀን 8፡20

አሁን ገባሁ። 2 ለ 2 ነው የወጣነው። ስድስት ኮርና ተመታብን፣ በወረቀት ጽፌያቸዋለሁ።

ሁለቱን ቅርብ ቋሚ ያለው ልጅ አወጣቸው። አንዱን በረኛችን ወጥቶ በሁለት እጁ ያዘው። ባለፈው ሳምንት አንድም ጊዜ አልወጣም ነበር፣ ዛሬ መንገድ አገኘ። አንዱ በሁሉም በላይ አለፈ። አንዱ ተመልሶ 16 ከ50 ጫፍ ላይ ወደቀ፣ የኛ ልጅ ቀድሞ ደረሰ። ስድስተኛው ገባ።

ያንን ልንገራችሁ። ኳሷ ወደ ጎሉ ሳይሆን ወደ ውጪ እየታጠፈች መጣች። መሃል ያለው የ19 ዓመቱ ልጃችን ጠበቃት፣ እሷ ግን ፊቱ ላይ ጎደለች። አጥቂው ቀድሞት ገጨ። በረኛችን «የማን...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ልጁ ራሱ እጁን አነሳ። «የኔ ቦታ ናት፣ ቀርቼ ነው» አለ። ጎኑ ያለው «ቀጥል» አለው፣ ኳሷን ወደ መሃል ወሰዱ። ነገሩ አሥር ሰከንድ አልፈጀም።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ውጪ ለምትታጠፍ ኳስ መስመሩን ላንቀሳቅሰው ወይ?


ሜዳ_ናፋቂ · እሁድ ማታ 1፡15

አዎ፣ ይንቀሳቀስ። መቺውን እየው። ከቀኝ ማዕዘን በቀኝ እግሩ የሚመታ ከሆነ ኳሷ ከጎሉ እየራቀች ነው የምትመጣው። ያኔ ሦስቱ ከ5 ከ50 መስመር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት ይውጡ፣ ቅርብ ቋሚ ያለው ግን ባለበት ይቅር። በግራ እግሩ ከሆነ ወደ መስመሩ ይመለሱ። የመቺውን እግር አይቶ «ውጡ» ወይም «ግቡ» የሚለው በረኛው ይሁን፣ ሁሉንም የሚያየው እሱ ነው። ረቡዕ ስትወረውር ሁለቱን እየቀያየርክ ወርውር። የ19 ዓመቱን ልጅ እዚያው መሃል ተወው።


ጃንሜዳ_ማለዳ · እሁድ ማታ 1፡22

እሺ። እዚያው መሃል ነው የሚቆመው።